የጋሞ ደጋ እምነትና ታሪኩ

ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ የሚነሳው የጋሞ ደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ተራራማ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞታ በተባለ የዚሁ ደጋ ዋሻ ውስጥ ድንጋይ ተከምሮበት የተቀበረ የአንድ ወንድ አጽም ተገኘ። ሰውየው የኖረው ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ከአጽሙ የተወሰደው ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ከጥንታዊ አፍሪካዊ ቅሪት ሙሉ ሆኖ የተነበበ የመጀመሪያው ዘረመል ሆነ። ለአጽሙ የተሰጠው ስም ባይራ ነው፤ በጋሞኛ በኩር፣ ታላቅ ማለት ነው። በጋሞ እምነት ከበኩርነት የሚበልጥ ማዕረግ ስለሌለ፣ ከዚህ የሚከብር ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር።

የጋሞ ሕዝብ እምነት በአንድ ነቢይ ወይም መምህር የተመሠረተ አይደለም። በዚህ ረገድ በሕንድ አገር ከሺህ ዓመታት ልማድ ተጠራቅሞ ከተገነባው የሂንዱ እምነት ጋር ይቀራረባል፤ የሂንዱ እምነትም መሥራቼ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው የለውም። ነገር ግን ሂንዱዎች ቬዳ የሚባሉ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲኖሯቸው፣ የጋሞ እምነት የኖረው በአፍ፣ በመሥዋዕት ሥርዓትና በመሬት ላይ ነው። ስለዚህም ታሪኩን ለማወቅ ከቃል ትውፊት፣ ከተከበሩ ደኖችና ከሸንጎ ሜዳዎች፣ አልፎ አልፎም ከውጭ ሰዎች ጽሑፍ መነሳት ያስፈልጋል።

በጽሑፍ ምንጮች የጋሞ ስም የሚገኘው በመካከለኛው ዘመን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለነገሠው ለዐፄ ይስሐቅ በተደረሰው የውዳሴ ግጥም ውስጥ ለንጉሡ ከገበሩት አገሮች መካከል ጋሞ ተጠቅሷል። ከግብሩ ጋር ክርስትናም ወደ ደጋው ወጣ። ከአባያ በላይ በምትገኘው በብርብር ማርያም ዙሪያ የሚነገረው ትውፊት የዚያን ዘመን ክርስትና ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1593 የኦሮሞን ታሪክ የጻፈው አባ ባሕርይም የጋሞ ሰው ነበር፤ አገሩ እንደተወረረችበትና ሀብቱ እንደተዘረፈበት በዚያው ድርሰቱ ተናግሯል። ከአሕመድ ግራኝ ጦርነትና እሱን ተከትሎ ከመጣው የሕዝቦች እንቅስቃሴ በኋላ የሰሎሞናዊው መንግሥት ወደ ሰሜን አፈገፈገ። ጋሞም ከመንግሥቱም ከቤተ ክህነቱም ተቆርጦ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ብቻውን ቆየ።

በዚህ ረጅም ጊዜ ክርስትናው አልጠፋም፤ ወደ አገሩ እምነት ገብቶ ተዋሐደ። የመስቀል በዓል ማስቃላ ተብሎ የጋሞ ትልቁ የዓመት መለወጫ ሆነ። የጾም ቀኖች በዶርዜና በአንዳንድ አካባቢዎች ሳይረሱ ቀሩ። በ1960ዎቹ ዶርዜ ውስጥ የኖረው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር፣ ዶርዜዎች ነብርን ክርስቲያን አውሬ ነው፣ ጾም ያከብራል እንደሚሉ መዝግቧል። ሆኖም ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቶቻቸውን ከነብር ሳይጠብቁ አይውሉም። ስፐርበር ይህን ምሳሌ መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ነገሮችን በአንድ ልብ እንዴት እንደሚይዙ መርምሯል። ዶርዜ በዓለም የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ውስጥ ስሟ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የጋሞ እምነት በሙሉ መልኩ የታየው በእነዚያ ሦስት መቶ ዓመታት ነው። ደጋው ዴሬ በሚባሉ ወደ 40 በሚጠጉ ራሳቸውን የቻሉ አገሮች ተከፍሎ ነበር፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ቦንኬና ኦቾሎ ከእነሱ መካከል ናቸው። ዴሬዎቹ አንዳንዴ ይዋጋሉ፣ አንዳንዴ ይታረቃሉ፤ እምነታቸውና ሕጋቸው ግን በመሠረቱ አንድ ነበር። ከሁሉ በላይ ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ፆሲ አለ። ሆኖም ሰው በዕለት ኑሮው የሚገናኘው ከፆሲ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከአባቶች መናፍስትና ምድሪቱን ከያዙ ኃይሎች ጋር ነው። ዝናብ በጊዜው እንዲዘንብ፣ እንሰቱ እንዲለመልም፣ ላሚቱ እንድትወልድ፣ ሴቲቱ እንድትጸንስ መሥዋዕት ይቀርባል። ያርሾ ይሉታል።

መሥዋዕቱን ማንም እንደፈለገ አያቀርብም። በቤተሰብ ደረጃ ለአባቶች በግ የሚያርደው የበኩር ልጅ ነው። ለጎሣው የጎሣው ታላቅ፣ ለቀበሌው ማካ የሚባለው፣ ለመላው ዴሬ ደግሞ ኤቃ የሚባለው ያርዳል፤ በአንዳንድ ዴሬዎች ካዎ የሚባል ንጉሥም አለ። ሹመቱ በዘር ይወርዳል፤ በጉልበትም በሀብትም አይገኝም። ታናሹ ከታላቁ ቀድሞ አይሠዋም፤ በዘርና በመከር ሥራም ታላቅ ይቀድማል። የፍሬያማነት ኃይል ከላይ ወደ ታች፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከበኩር ወደ ተከታይ ይፈስሳል ተብሎ ስለሚታመን ተራውን የዘለለ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከእሱ በታች ያለውን ሁሉ ነው። ለውጭ ሰው ይህ የትዕቢት ሥርዓት ሊመስል ይችላል፤ በውስጡ ላለው ሰው ግን ኤቃው የሚከበረው ስለሚያዝ ሳይሆን የሁሉንም ሸክም ስለሚሸከም ነው።

የዚህ ሁሉ ጠባቂ ጎሜ ነው። ጎሜ ክልክልም ነው፤ ክልክሉን የጣሰ ሰው የሚያመጣው መዘዝም ጎሜ ይባላል። የተከበረ ደን ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው። የታላቅን ተራ መቀማት፣ ወንድም ከወንድም ተጣልቶ ሳይታረቅ መቅረት፣ ለእርሻ ያልተፈቀደ ቦታ ማረስም እንዲሁ። ልጅ ሲታመም፣ ሚስት ስትመክን፣ በረዶ ገብሱን ሲመታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ምን አጠፋ?» የሚል ነው። ቤተሰቡና ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያለፈውን ይመረምራል፤ ጥፋት የተገኘበት ይናዘዛል፤ በግ ይታረዳል፤ የተጣላው ይታረቃል። ጎሜ የሚፈራው ከሞት በኋላ በሚመጣ ፍርድ ሳይሆን ዛሬ፣ በዚሁ ምድር፣ በሰብልና በልጅ ላይ በሚወርድ ጉዳት ነው። ጥልም ሳይፈታ እንዳያድር ያደረገው ከሁሉ በላይ ይህ ፍርሃት ነው።

ከመሥዋዕቱ ጎን ሌላ ሥርዓት ቆሟል፤ ይህኛው በዘር ሳይሆን በምርጫ ነው። እያንዳንዱ ዴሬ ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለው። ሸንጎው ተሰብስቦ ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፤ ከዚያ በተራ ይነገራል፤ ጉዳዩ እስኪስማሙበት ድረስ ይመላለሳል። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በዓለት ላይ በተመሠረተችው በኦቾሎ ሸንጎ ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። ሀላቃ የሚባለው ሹም የሚመረጠውም በዚሁ ሸንጎ ነው። ተመራጩ ሚስት ያገባ መሆን አለበት። ብዙ ድግስ ደግሶ አገሬውን ያበላል፤ በራሱ ላይ ቅቤ ይቀባል፤ የሰጎን ላባ ይሰካል፤ በትረ ሹመቱን ይዞ ለተወሰነ ጊዜ አገሩን ያገለግላል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይወርዳል። በማስቃላ ሰሞን በገበያው ሜዳ ሶፌ የሚባለው ሰልፍ ሲደረግ ሀላቃው በሙሉ ክብሩ በአደባባይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዶኮ ውስጥ የኖረችው እንግሊዛዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በዘር የሚሄደው የመሥዋዕት ሥርዓት በዘመናት ብዙ ሳይለወጥ፣ በሸንጎ የሚወሰነው የሀላቃ ሥርዓት ግን በየጊዜው መልኩን እንደቀየረ አሳይታለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው የማንንም ስምምነት አይጠይቅም፣ ሁለተኛው ግን በንግግር የቆመ ስለሆነ በንግግር ይለወጣል።

ይህ ሥርዓት ለሁሉም እኩል አልነበረም። ጨዋው ገበሬ ማላ ሲባል፣ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ይባላል። ማናና ደጋላ ለራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። ከማላ ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም፣ በዱቡሻ አይናገሩም፣ ለብቻቸው ይቀበራሉ፤ ወሰኑን ያጠበቀውም ያው ጎሜ ነው፤ መቀላቀሉ የምድሪቱን ፍሬ ያጠፋል ተብሎ ይታመን ነበር። ሸማ ሥራ ግን በሰሜኑ አገር ይናቅ በነበረበት ዘመን በዶርዜ የጨዋ ሥራ ነበር። የሂንዱ እምነት ያደገበት የሕንድ ማኅበረሰብም ንጹሕና ርኩስ ብሎ ሰውን በትውልድ ይከፋፍል ነበር፤ ያንን ልማድ የሕንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 በሕግ ከለከለ። ሁለቱም አገሮች በሃይማኖት ስም የተጫነ በደል ሕግ ቢሽረውም ከልብ ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አይተዋል። ለጋሞ ምድር ማሰሮውን የሠራው፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ቆዳውን ያለፋው ይህ ሕዝብ በመሥዋዕቱ በረከት ውስጥ ሙሉ ድርሻ አለማግኘቱ የእምነቱ ትልቁ ጉድለት ነው።

ከዘመኑ ምስክሮች በዓይን የሚታዩት የተከበሩት ደኖች ናቸው። በየዴሬው የመሥዋዕት ስፍራ፣ የመቃብር ቦታና የምንጭ ራስ በደን የተከበበ ነው፤ ከዚያ ደን እንጨት መልቀም፣ ከብት ማሰማራት፣ መጥረቢያ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ሕዝብ በበዛበትና መሬት በጠበበበት በዚያ ደጋ የአገር በቀል ዛፎች ዘር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የተረፈው በአመዛኙ በእነዚህ ደኖች ነው። የጎሜ ፍርሃት ያለ ዘበኛ ያለ አጥር ደን ጠብቋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ጦር ጋሞን ያዘ፤ የዴሬዎቹ ነጻነት አበቃ። ገበሬው ገባር ሆነ፤ ከነባሮቹ ሹማምንት አንዳንዶቹ ባላባት ተብለው በግብር ሰብሳቢነት ተሰየሙ። የኦርቶዶክስ ቀሳውስት ተመለሱ፤ በጨንጫና በሌሎች የጦር ከተሞችም አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ። ኤቃና ሀላቃ ግን አልጠፉም፤ አዲሱ መንግሥት የፈለገው ግብሩን ነበርና በመሥዋዕቱ ብዙ ጣልቃ አልገባም። በኋላ ዘመን በዲታ ባላባት ሆና ስለመራችው ስለ ጪማቴ ጩምባሎ አሜሪካዊቷ ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1997 መጽሐፍ አሳትማለች፤ ሴት በሸንጎ ድምፅ ባልነበራት አገር የአንዲት ሴት አመራር በመጽሐፍ መመዝገቡ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተጠበቀው ለውጥ የተነሳው ከውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኤሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው ለመናፍስት መሥዋዕት ማቅረብ ይቅር፣ ለፈጣሪ ብቻ ጸልዩ እያለ ከጋሞ እስከ ወላይታ ሰበከ። ተከታዮቹ በሰንበት ተሰብስበው ማር ወደ ሰማይ እየረጩ ወደ ፈጣሪ ይጸልዩ ነበር። ስብከቱ እጅግ ተስፋፋ፤ ሹማምንቱ ሠግተው ኤሳን አሰሩት። ሰውየው ከውጭ መጽሐፍ አልያዘም፤ በአባቶቹ እምነት ሁሉን የፈጠረ ተብሎ የሚታወቀውን፣ ግን በመሥዋዕቱ ብዙ የማይጠራውን አምላክ ወደ ፊት አወጣው። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወላይታ ሶዶ ደርሰው ሥራ ሲጀምሩ መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ጠበቃቸው። ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ከአገር ቢወጡም የወላይታና የጋሞ አማኞች ራሳቸው ወንጌሉን አስፋፉት፤ ከዚያም ዛሬ ቃለ ሕይወት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን አደገች።

ከነጻነት በኋላ የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንጫ ነበረች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከተራራው ሥር በሐይቆቹ አጠገብ አርባ ምንጭ ተቆርቁራ መቀመጫው ወደ እሷ ወረደ። ሲቀላና ሴቻ በሚባሉት ሁለት ሰፈሮቿ ከየዴሬው የወረዱ ደገኞች፣ ከሰሜን የመጡ ሠራተኞችና ነጋዴዎች አብረው ሰፈሩ። ኋላም በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ፤ ዛሬ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም ነው። ከደጋው የዶርዜ ሸማኔዎች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሽሮ ሜዳን ሞሉት፤ ማስቃላ ሲደርስ ግን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ዘመዱን ለመጠየቅ፣ ከተጣላው ጋር ለመታረቅ፣ ዓመቱን ከወገኑ ጋር ለመጀመር የማይመለስ የለም ማለት ይቀላል።

አብዮቱ ለነባሩ እምነት ከወረራውም የከበደ ፈተና ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ገባሩን ከባላባት ነጻ አወጣ፤ ለማናና ለደጋላም የመሬት በር ከፈተ። ይህ መልካም ነበር። ይሁንና የዕድገት በኅብረት ዘማቾችና በኋላ የመጡት ካድሬዎች መሥዋዕትና የሀላቃ ሹመትን ኋላ ቀር ልማድ ብለው ከለከሉ። ሥርዓቱ በየጓሮው፣ በሌሊት፣ በጥቂት ሽማግሌዎች እጅ ተደብቆ ቆየ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ዴሬዎች ሀላቃ መሾም እንደገና ጀመሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን አረጋገጠ፤ ሰዎች በፈቃዳቸው በባህላዊ ፍርድ የሚዳኙበትንም በር ከፈተ።

ነባሩን እምነት ያዳከመው ክልከላ ሳይሆን ነጻነቱ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት በደጋው በፍጥነት ሰፉ። በዚያው ሰሞን ሚስዮናውያን ቀድመው ያስገቡት የጨንጫ ፖም ገንዘብ ማምጣት ጀመረ። ፍሪማን ኋላ ባጠናችው መሠረት ሁለቱ ነገሮች ተያይዘው ሄዱ፤ ከድግስና ከመሥዋዕት ወጪ የተላቀቀው አዲስ አማኝ ገንዘቡን ወደ ችግኝና ወደ ንግድ አዞረ፤ ታናሹም የታላቁን ተራ ሳይጠብቅ በራሱ መሬት ላይ አዛዥ ሆነ። በዘር ሹመት የማያምነው ቤተ ክርስቲያን ለወጣቱና ቀድሞ ለተገፋው አዲስ ክብር ሰጠ። በአንጻሩ ጎሜን የማይፈራ ትውልድ የተከበረ ደን ውስጥ መጥረቢያ ይዞ ገባ፤ ብዙ ደኖች ተመነጠሩ፣ ጥቂቶች በሽማግሌዎች ክርክርና በአካባቢ ተቆርቋሪዎች ድጋፍ ተረፉ። ፕሮቴስታንትነት ዛሬ በጋሞ ዞን ትልቁ እምነት ነው፤ ኦርቶዶክስም ብዙ ምእመናን አሉት። ያርሾ የሚያቀርቡ ቤቶች አነስተኛ ናቸው።

የእምነቱ ሕግ ግን ከመሥዋዕቱ ተለይቶ መቆም እንደሚችል በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታየ። በቡራዩና በአካባቢዋ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ብዙዎች ተፈናቀሉ። ዜናው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ረግጦ የሚያልፍ የለም። ወጣቶቹም ቆሙ፤ ተመለሱ። ከተማዋ ከደም ዳነች። ኦርቶዶክስም ሆነ ፕሮቴስታንት፣ በዚያ ሰዓት ወጣቶቹን ያቆማቸው የአባቶቻቸው ሕግ ነበር። አገሪቱ በብሔር ግጭት በምትታመስበት በዚያ ዓመት ይህን የመሰለ ሥራ ጥቂት ሰው ብቻ ሠርቷል።

በዚያው 2011 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዞን ተከፍሎ ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አንዱ ዞን ሆነ። ማስቃላ በየመስከረሙ በየዴሬው ሜዳና በአርባ ምንጭ አደባባይ ይከበራል፤ ዱቡሻዎች አሁንም ይሰበሰባሉ፤ የማናና የደጋላ ልጆች ግን በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ እኩልነትን ገና አላገኙም። ከጥንቱ እምነት መሥዋዕቱ በብዙው ተዳክሟል፣ ደኑ በከፊል ቀርቷል፤ ከሁሉ ጸንቶ የቆየው ዕርቁ ነው።